የመንጋ አሳ፦ ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ አባያ

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬውን ትምህርታዊ ዝግጅት በዝናብ ልጀምረው።

ከሰዓት በኋላ በጌዴኦ፣ ወናጎ ላይ ዝናብ ሲጥል ጠብታው መጀመሪያ የሚያርፈው በረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ ነው። ከዛፉ ወደ እንሰቱ ሰፊ ቅጠል፣ ከእንሰቱ ወደ ቡናው፣ ከቡናው ደግሞ መሬት ላይ ወደተነጠፈው የረገፈ ቅጠል ይወርዳል። አፈሩ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ስላለቀ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ሁሉም ጠብታ ግን እንዲህ አይታደልም። በአስፋልቱ ዳር፣ በተራቆተ ዳገት፣ ገና በተቆፈረ ማሳ ላይ የወደቀው ቀይ አፈር ታቅፎ ቁልቁል ይሮጣል። መጀመሪያ ጅረት፣ ኋላም ወንዝ ሆኖ፣ በእነ ጊዳቦና በእነ ገላና በኩል አድርጎ ስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ወደተኛው አባያ ሐይቅ ይገባል።

በዚያ ውኃ ውስጥ አፉን ቢዘጋም ጥርሱ የማይሸፈን፣ ብር የመሰለ አሳ በመንጋ ይዋኛል። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ እሱና በቀይ ባሕር ዳርቻ ስለሚኖር አንድ አምሳያው ነው። ሁለቱ የሥጋ ዘመዶች አይደሉም። ያመሳሰላቸው ኑሯቸውና አደናቸው ነው። በስም ያገናኛቸው ደግሞ በወጣትነቱ የተቀጨ አንድ ተማሪ ነው።

(ሙዚቃ ለአፍታ)

ባሕር ከእኛ ሩቅ ነው። ቋንቋችን ግን ባሕርን ከደጃችን አላራቀውም። ጓሯችን የበቀለውን ዛፍ ባሕር ዛፍ ያልነው ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው። በቆሎንም የባሕር ማሽላ የሚሉት አሉ፤ ምክንያቱ ያው ነው። ጣና ዳር ያለችው ከተማ ደግሞ ባሕር ዳር ተባለች እንጂ ሐይቅ ዳር አልተባለችም። ለአባቶቻችን ማዶው የራቀ ሰፊ ውኃ ሁሉ ባሕር ነበር። በዛሬው የትምህርት ቤት ቋንቋ ባሕር የምንለው ከውቅያኖስ ጋር የተያያዘውን ነው፤ በየብስ የተከበበው ሐይቅ ይባላል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ የራሷ የባሕር ዳርቻ የላትም። ስለዚህ መጀመሪያ የማነሳውን አሳ በመኖሪያው ለማየት የፈለገ ሰው ወደ ምጽዋና ወደ ዳህላክ ደሴቶች፣ ወይም ወደ ጅቡቲ መዝለቅ አለበት። የዓለም አሳ አጥማጆች ጃያንት ትሬቫሊ ይሉታል፤ ግዙፉ ትሬቫሊ ማለት ነው። ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ጀምሮ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ እስከ ሃዋይ ድረስ ይገኛል። ጎንና ጎኑ የተጨመቀ፣ ግንባሩ ቀጥ ብሎ የወረደ፣ ጅራቱ እንደ ባላ ለሁለት የተከፈለ አሳ ነው። ሲያድግ ርዝመቱ 170 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 80 ኪሎ ድረስ ሊደርስ ይችላል። እናንተ ቡና ጫኞች ይህን በቀላሉ ትገምቱታላችሁ፤ ወደ ውጭ ከሚላከው የ60 ኪሎ የቡና ጆንያ የሚከብድ አሳ ነው።

ልጆቹ የሚያድጉት ወንዝ ባሕር በሚገባበት አካባቢ፣ ጨውና ጣፋጭ ውኃ በሚቀላቀልበት ቦታ ነው። እዚያ በመንጋ ይዋኛሉ፤ በመንጋ ያድናሉ። ጉልበት ሲያገኙ ወደ ዛጎል ድንጋዮቹና ወደ ጥልቁ ይወጣሉ። ከሁሉም የገዘፉት ብዙውን ጊዜ ብቻቸውን ይታያሉ።

ይህን አሳ ሰዎች የሚያጠምዱት ለምግብ ብቻ አይደለም። ለትግሉም ብለው ነው። መንጠቆ ከነከሰ በኋላ ክሩን እየጎተተ ወደ ድንጋይ ሥር ይሸመጥጣል፤ አጥማጁ ክንዱ እስኪዝል ይታገለዋል፤ ካሸነፈውም ብዙ ጊዜ ፎቶ አንስቶ መልሶ ይለቀዋል። እንዲህ ለትግላቸው የሚፈለጉ አሳዎች የስፖርት አሳ ይባላሉ። አገራቸው ድረስ ለሚመጣው እንግዳ ማረፊያ፣ ጀልባና አስጎብኚ እያቀረቡ በዚህ የሚተዳደሩ የባሕር ዳር ሕዝቦች አሉ።

አሁን ወደ ተማሪው ልውሰዳችሁ።

ስሙ ፒተር ፎርስኮል ነው። እ.ኤ.አ. በ1732 በሄልሲንኪ ተወለደ፤ ከተማዋ ያኔ በስዊድን ሥር ነበረች። መምህሩ ካርል ሊኔየስ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ተክልና እንስሳ ሁለት ቃል ያለው ሳይንሳዊ ስም የመስጠቱን ልማድ ያጸናው ሰው። የዴንማርክ ንጉሥ ፍሬድሪክ አምስተኛ ወደ ዐረብ ምድር የሚሄድ የጥናት ጓድ ሲያዘጋጅ ፎርስኮል ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በጥር 1761 ስድስት ሰዎች ሆነው ከኮፐንሀገን ተነሡ። ግብፅ ቆዩ፤ ከዚያ በቀይ ባሕር በመርከብ ወርደው ጅዳ ወደብ ደረሱ፤ ከጅዳም ወደ የመን ተሻገሩ።

ፎርስኮልን የምወደው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ወደቡ ላይ አሳ አጥማጆቹን ይጠይቅ ነበር። ይህን ምን ትሉታላችሁ? ይህንንስ? ብዙውን ጊዜ የሰማውን የዐረብኛ ስም ሳይጥል በሳይንሳዊው ስም ውስጥ አስገብቶታል። ከግብፅ ከናይል ወንዝ ያገኘው አንድ ጺማም አሳ ዛሬም ዶክማክ የሚለውን የአገሬውን ስም እንደያዘ ነው፤ ባግሩስ ዶክማክ ይባላል። ይህ አሳ ደግሞ በእኛው በአባያና በቻሞ ሐይቆች ውስጥ አለ። የመርከብ ጉዞ የከፈለለት ንጉሥ ሳይሆን መረብ የጎተተው አጥማጅ ያወጣው ስም እስከ ዛሬ በመጻሕፍት ይጠራል።

ሁለተኛው፣ ያገኘውን የሚያቆይበት ዘዴ ነው። በዚያ ሙቀት አሳን ለወራት ማቆየት ከባድ ነው። ፎርስኮል የአሳውን አንድ ጎን ቆዳ ገፎ፣ አድርቆ፣ ልክ ተማሪ ቅጠልን በደብተር ገጾች መካከል እንደሚያደርቅ ወረቀት ላይ ለጠፈው። እነዚያ ወረቀት ላይ የተለጠፉ የቀይ ባሕር አሳዎች ከ250 ዓመታት በላይ አልፏቸው ዛሬም ኮፐንሀገን ውስጥ በሙዚየም ተቀምጠዋል።

ፎርስኮል ግን ወደ ኮፐንሀገን አልተመለሰም። የመን ውስጥ ያሪም በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 1763 በወባ ሞተ። የ31 ዓመት ወጣት ነበር። ከስድስቱ በሕይወት አገሩ የገባው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነው፤ እሱም የጓደኛውን ማስታወሻ አሰናድቶ እ.ኤ.አ. በ1775 አሳተመው። ጃያንት ትሬቫሊ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተገለጸው በዚያ መጽሐፍ ነው። የተሰጠው ስም ኢግኖቢሊስ ነው፤ በላቲን ዝና የሌለው፣ ያልታወቀ ማለት ነው። ዛሬ የባሕር አጥማጆች ሁሉ ስሙን የሚጠሩትን አሳ!

ከ44 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1819፣ ፈረንሳዊው የእንስሳት ሊቅ ዦርዥ ኩቪዬ ለአንድ የናይል አሳ ስም ሲያወጣ የሞተውን ወጣት አስታወሰ። ሀይድሮሳይነስ ፎርስካሊ አለው። የመጀመሪያው ቃል የውኃ ውሻ ማለት ነው፤ ሁለተኛው የፎርስኮል ስም ነው። አድማጮቼ፣ በመግቢያዬ ጥርሱ የማይሸፈን ያልኳችሁ የአባያው አሳ ይህ ነው። በእንግሊዝኛ ታይገር ፊሽ ይሉታል፤ እኛ የነብር አሳ እንበለው።

(ሙዚቃ ለአፍታ)

የነብር አሳ ረዘም ቀጠን ያለ ነው። ቅርፊቱ ብር ይመስላል፤ ከራሱ እስከ ጅራቱ ጥቋቁር መስመሮች በቅርፊቱ ረድፍ ላይ ተጋድመዋል። የጅራቱ የታችኛው ክንፍ ብርቱካንማ ቀይ ነው። ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ጥርሶቹ እንደ ወስፌ የሾሉ ናቸው፤ የላዩና የታቹ እርስ በርስ ይሰካካሉ። ሲያረጁ የአንድ ሰሞኑ ጥርስ በአንድነት ይረግፍና አዲሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይተካል። ሥጋው ውስጥ ቀጫጭን አጥንት ስለሚበዛ ገበያ ላይ እንደ ቆሮሶ አይፈለግም። ለስፖርት አጥማጅ ግን በጣፋጭ ውኃ ውስጥ እንደሱ የሚዘል፣ እንደሱ ክር የሚበጥስ ጥቂት ነው። በኮንጎ ወንዝ የሚኖር ጎልያድ የሚሉት ዘመድ አለው፤ እሱ 50 ኪሎ ይደርሳል።

ይህ የናይል አሳ አባያ እንዴት ገባ? ሐይቃችን ዛሬ ከናይል ጋር የሚያገናኘው ውኃ የለውም። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ የነብር አሳ የለም፤ ዝዋይና ላንጋኖም የለም። አባያና ቻሞ ውስጥ ግን እሱም፣ ናይል ፐርች የሚባለው አሳም፣ ዶክማክም አሉ።

መልሱ ያለው በድሮ ዝናብ ውስጥ ነው። ከ15 ሺህ እስከ 5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ዘመን አፍሪካ ከዛሬው እጅግ የበለጠ ዝናብ ታገኝ ነበር። ሰሃራ እንኳ ሣርና ሐይቅ ነበረው። በዚያ ዘመን አባያ ሞልቶ ወደ ቻሞ ይፈስ ነበር። ቻሞ ሞልቶ በሰገን ሸለቆ ወደ ጨው ባሕር ይወርድ ነበር። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ የምናየው ያ ጨው ባሕር ያኔ ጥልቅ ሐይቅ ሆኖ ወደ ቱርካና ይተርፍ ነበር፤ ቱርካናም ሞልቶ በሶባት በኩል ከናይል ጋር ይገናኝ ነበር። አሳዎቹ በዚህ የውኃ ሰንሰለት ላይ ወደ ላይ ዋኝተው መጡ። አዞውም አብሮ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ቀነሰ፤ ሰንሰለቱ ቀለበት በቀለበት ተበጠሰ። የነብር አሳ እዚህ ቀረ። የመጣበት መንገድ ዛሬ አቧራ ነው።

አርባ ምንጭ የሄዳችሁ በአባያና በቻሞ መካከል ያለውን ጠባብ ኮረብታማ መሬት አይታችኋል፤ የእግዜር ድልድይ ይባላል። ከዚያ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ የተመለከተ ሰው ወዲያው የሚያስተውለው የቀለም ልዩነቱን ነው። ቻሞ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል፤ አባያ ቀይ ቡናማ ነው። ወደዚህ ቀለም እመለሳለሁ።

መንጋ እንዴት ይሠራል? ልጆች፣ ይህን በደንብ ስሙኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የአሳ መንጋ እረኛ የለውም። አለቃ የለውም። ሺህ አሳ በአንድ ቅጽበት ወደ ግራ ሲታጠፍ ታጠፉ ብሎ ያዘዘ የለም። እያንዳንዱ አሳ የሚያውቀው አጠገቡ ያሉትን ጥቂት ጎረቤቶቹን ብቻ ነው። በጣም አትቅረብ፣ በጣም አትራቅ፣ ጎረቤትህ ወደዞረበት ዙር። በቃ፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ከዚህ ትንሽ ሥርዓት ነው ያ ሁሉ እንደ አንድ አካል የሚታጠፍ ብርሃን የሚወጣው።

ጎረቤቱን የሚያውቀው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ዓይኑ ነው። የአሳ ዓይን በጎንና በጎኑ ስለሆነ ወደ ፊት እየዋኘ የአጠገቡን ያያል። የሚያብረቀርቀው ቅርፊት እዚህ ላይ ይረዳል፤ ብርማው ቀለም የሚመጣው ቆዳው ውስጥ እንደ ጥቃቅን መስታወት ከተደረደሩ ስስ ክሪስታሎች ነው፤ ጎረቤት ትንሽ ዘንበል ሲል ብልጭታው ይለወጣል። ሁለተኛው የጎን መስመር የሚባለው ነው። የማንኛውንም ቆሮሶ ጎን ብታዩ ከራሱ እስከ ጅራቱ የተሰመረ ቀጭን የነጠብጣብ መስመር አለ። እነዚያ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ከሥራቸው የውኃን ግፊት የሚሰሙ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሕዋሳት አሉ። ወንዝ ውስጥ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ጓደኛችሁ አጠገቡ እጁን ቢያወዛውዝ የውኃው ግፊት ይሰማችኋል፤ አሳ ያንን ከራስ እስከ ጅራቱ ይሰማዋል ማለት ነው። ሁለቱ ሲደጋገፉ መንጋው ይጸናል። በጨለማ ግን ዓይን ሥራ ስለሚፈታ ብዙ መንጋ ሌሊት ይላላል፤ ሲነጋ መልሶ ይሰበሰባል።

ለታዳኝ መንጋ መከላከያ ነው። አዳኙ አንዱን ነጥሎ ዓይኑን መትከል ያቅተዋል፤ ብልጭታው ያደናግረዋል። ታዲያ አዳኙ ራሱ ለምን በመንጋ ይሄዳል?

እዚህ ላይ ትሬቫሊ መምህራችን ነው። ፒተር ሜጀር የተባለ ተመራማሪ ሃዋይ ውስጥ ወጣት ትሬቫሊዎችንና የአገሬው ሰው ኔሁ የሚላቸውን ትናንሽ አሳዎች አንድ ላይ አድርጎ ተመለከተ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1978 ታተመ። ብቻውን የገባ ትሬቫሊ በመንጋ የቆሙትን ኔሁዎች ለመያዝ ይቸገር ነበር። ትሬቫሊዎቹ ተባብረው ሲገቡ ግን የኔሁው መንጋ ይሰነጠቅ ነበር፤ ከጓደኞቿ የተለየችው ትበላለች። በትሬቫሊዎቹ መካከልም ድርሻው እኩል አልነበረም፤ ቀድሞ የሚገባው ከሁሉም የበለጠ ይይዝ ነበር። ሆኖም ኋላ የሚከተሉት እንኳ ብቻቸውን ከሚያድኑ ይሻላቸው ነበር። አደን የሚያውቁ አባቶች ሲሰሙ ይህ እንግዳ አይሆንባቸውም ብዬ አስባለሁ።

የነብር አሳም እንዲሁ ነው። ልጅ ሳለ ጥቃቅን የውኃ ነፍሳትን ይለቅማል፤ ጥርሱ ሲጠነክር ወደ አሳ ይዞራል። መንጋው ከውኃው የላይኛ ክፍል ብዙ ሳይርቅ ይሄዳል። በመንጋው ውስጥ ያሉት በመጠን ይተካከላሉ። ይህ መተካከል አጋጣሚ አይደለም፤ የነብር አሳ የገዛ ወገኑን ይበላል፤ ከእጥፍህ ከሚተልቅ ጋር ጎን ለጎን መዋኘት አይታሰብም።

ስለ አደናቸው አንድ ነገር ልጨምር፤ ስሰማው እኔንም ያስደነቀኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ማፑንጉብዌ አካባቢ ባለ ሽሮዳ በሚባል ግድብ ላይ ተመራማሪዎች የደቡቡን የነብር አሳ በካሜራ ቀረጹት፤ ከውኃው ወጥቶ፣ በአየር ላይ የምትበርን ፈጣን ወፍ ይዞ ወደቀ። ወፎቹ በየዓመቱ ከአውሮፓ ተነሥተው አፍሪካን አቋርጠው የሚመጡት፣ ጅራታቸው መንታ የሆነው ናቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 በሲሼልስ ደሴቶች ጃያንት ትሬቫሊ መብረር ገና የለመዱ የባሕር ወፎችን ከአየር ላይ ሲቀልብ በቢቢሲ ፊልም ታየ። ጨው ውኃና ጣፋጭ ውኃ፤ ዝምድና የሌላቸው ሁለት አሳዎች፤ ያው ዝላይ። ከውኃ ውስጥ ሆኖ በአየር ላይ ያለን ነገር ፍጥነቱንና አቅጣጫውን መገመት፣ ብርሃን ውኃ ላይ ሲሰበር የሚፈጥረውን መዛባት አስልቶ መዝለል ዓይንን ይጠይቃል። የጠራ ውኃና የሰላ ዓይን።

(ሙዚቃ ለአፍታ)

አሁን ስለ መረብ።

አባያ ላይ ሰው ማጥመድ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከሐይቁ ደሴቶች አንዱ በሆነው በጊዲቾ ባይሶና ሐሮ የተባሉ ሕዝቦች ከውኃው ጋር ኖረዋል። በሐይቁ ዳር ከሚበቅል እጅግ ቀላል ከሆነ፣ ከማይሰጥም እንጨት ግንዱን ጎን ለጎን አስረው ታንኳ ይሠራሉ፤ ሐሮዎች በዚያ ታንኳ ጉማሬ ሳይቀር በማደን የታወቁ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ታንኳ የሚሄድ ሰው የሚወስደው ታንኳው የሚችለውን ያህል ነው።

የናይለን መረብ ሌላ ነገር ነው። መንጋው ሲጠቃ ከጥርስ የሚያድነው መጠጋጋቱ ነው። መረብ ግን አንድ አሳ አይመርጥም፤ ብልጭታ አያደናግረውም። መጠጋጋቱ ራሱ ወጥመድ ይሆናል። ሌላም አለ፤ የመረብ ቀዳዳ መጠን አለው፤ ትንሹን ያሳልፋል፤ ትልቁ አያልፍበትም፤ ልክ የሆነውን በአንገቱ ይይዛል። የአንድ መንጋ አሳዎች ደግሞ በመጠን እኩል ናቸው ብያችኋለሁ። ስለዚህ አንዱን የያዘ ቀዳዳ ሁሉንም ይይዛል። የአንድ መንጋ አሳዎች በሙሉ በአንድ ሌሊት ሊወጡ ይችላሉ።

የዚህ አደጋ ክፋቱ አለመታየቱ ነው። አሳው እያነሰ ሲሄድ የቀሩት ተሰብስበው መንጋ ይሠራሉ፤ መንጋውን ያገኘ አጥማጅ እንደ አምናው መረቡን ሞልቶ ይመለሳል፤ ሐይቁ ሙሉ ነው ብሎ ያምናል። ካናዳ ውስጥ በኒውፋውንድላንድ ዳርቻ የደረሰው ይህ ነው። ኮድ የሚሉትን አሳ ለዘመናት አጠመዱት፤ ቁጥሩ እያሽቆለቆለ ሳለ መርከቦቹ የተሰበሰበበትን ቦታ እየፈለጉ ያገኙት ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1992 መንግሥት ማጥመዱን ሲያስቆም አሳው አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች ከሥራ ወጡ። ያ የሆነው በሰፊ ውቅያኖስ ነው።

ቀደም ብዬ ባሕርና ሐይቅ ያልኳችሁን አስታውሱ። የትሬቫሊ እንቁላልና ጫጩት በባሕር ሞገድ ይጓዛል፤ አንዱ ዳርቻ ሲራቆት ከሌላው ሊመጣለት ይችላል። አባያ በየብስ የተከበበ ነው። ወደ ናይል የሚወስደው መንገድ ከደረቀ 5 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። እዚህ ያለው የነብር አሳ ቢያልቅ የሚተካው ከየትም ዋኝቶ አይመጣም። አገራችን የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 315/1995 ነው። የማጥመጃ ዓይነትና የመረብ ቀዳዳ በሕግ ሊወሰን የሚገባው ለምን እንደሆነ አሁን የገባችሁ ይመስለኛል። ጠባብ ቀዳዳ ያለው መረብ የሚሸጥላችሁ ሰው ቢኖር የሚሸጥላችሁ የከርሞውን መንጋ ነው።

ወደ ቀለሙ ልመለስ። የአባያ ቀይነት ዛሬ የጀመረ አይደለም። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፤ ነገር ግን ጥልቀቱ ከዝነኞቹ ሐይቆች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ትልቁ ጥልቀቱ 13 ሜትር ያህል። ንፋስ ሲነሣ ሥሩ ያለውን ደለል ያናውጠዋል፤ ከየአቅጣጫው በወንዞች የሚገባው ደቃቅ ቀይ አፈር ሳይዘቅጥ ይንሳፈፋል። ክንዳችሁን እስከ ክርናችሁ ብትነክሩ ጣቶቻችሁን አታዩም። ብርሃን ወደ ታች ስለማይዘልቅ ለትናንሾቹ ነፍሳት ምግብ የሚሆነው አረንጓዴ ደቃቅ ተክል እንደልቡ አይበቅልም፤ አባያ ከቻሞ ያነሰ አሳ የሚሰጠው ዋናው ምክንያት ይህ ነው። የነብር አሳ በዚህ ውኃ ውስጥ ኖሯል፤ የጎን መስመሩ አኑሮታል ብል አልተሳሳትኩም። ሆኖም ዓይኑ ተወስዶበት በግማሽ መሣሪያ ነው የሚያድነው፤ መንጋውም በቀን ብርሃን እንደ ምሽት ይዋኛል። በየዓመቱ የሚጨመረው አፈር ያንኑ ምሽት ያከብድበታል።

የጌዴኦ ሰው አፈር መያዝ ለዘመናት ያውቅበታል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር የተመሰከረለት ይኸው ነው፤ በእንሰት፣ በቡናና በዛፍ ተሸፍኖ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ሳይሸረሸር የኖረ እርሻ፣ ከእነ ቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ጋር። ብዙ ጊዜ ስለዚህ እርሻ ስናወራ ቡናውንና ቆጮውን እናስባለን። እኔ ዛሬ አሳውን እንድታስቡ ነው የፈለግሁት። እንሰት ሥር የቀረ አንድ አካፋ አፈር አባያ ውስጥ ለአንድ አሳ ዓይን የተተወ ብርሃን ነው።

ለትምህርት ቤት ልጆች የሳምንቱን ሥራ ልስጣችሁ። ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ፈልጉ፤ የሚያሳልፉ፣ ቀለም የሌላቸው ይሁኑ። በሚቀጥለው ዝናብ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ አንዱን ከእንሰትና ቡና ማሳ ሥር ከሚወጣ ውኃ ሙሉ። ሌላውን ከመንገድ ዳር ቦይ ወይም ከተራቆተ ዳገት ከሚወርድ ጎርፍ ሙሉ። የሞላ ጎርፍ ውስጥ እንዳትገቡ፤ ከትልቅ ሰው ጋር ሁኑ። ጠርሙሶቹን ስም ጽፋችሁ ለጥፉባቸው፤ መስኮት አጠገብ አስቀምጧቸው፤ እስኪነጋ ማንም አይነቅንቃቸው። ጠዋት ከሥር የተኛውን አፈር በማስመሪያ ለኩ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ጀርባ የደብተራችሁን አንድ ገጽ አቁሙና በውኃው ውስጥ አሻግራችሁ ፊደሎቹን ለማንበብ ሞክሩ። የትኛው ላይ እንደተነበበ፣ የትኛው ላይ እንዳልተነበበ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅት በስማችሁ አነበዋለሁ።

ደህና እደሩ።

(የመውጫ ሙዚቃ)